ከሦስት ሰው በታች አይገባም

መቀሌ ውስጥ የእኔን ያህል ሰው የሚያውቅ የለም። ችግሩ የማውቃቸው በሽንታቸው ነው።

ዓይደር አካባቢ አንዲት አነስተኛ ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው በአንዲት ጠባብ መስኮት በኩል ነው። ብልቃጡን በሶፍት ጠቅልሎ፣ ግራ ቀኙን ቃኝቶ፣ የተሰረቀ ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው ያቀብለኝና እልም ይላል። ከዚያ በኋላ ሮማናት አደባባይ ላይ ፊት ለፊት ብንገጣጠም እንኳ ሰላም አይለኝም። እኔን ሲያይ ጃርዲያው ትዝ ይለዋላ! አንድ ጊዜ እንዲያውም ከአንድ የተከበሩ ሰውዬ ጋር ካፌ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ማኪያቷቸውን ከነአረፋዋ ትተዋት ወጡ። በማርያም እላችኋለሁ፣ እኔ ውጤቱን ጽፌ እንዳቀበልኩ ነው የምረሳው። የሰውዬውን ስም እንኳ አላስታውስም። ግን ይህን ተከትዬ ሮጬ አልነግራቸው ነገር!

የምኖረው እንዳ ኢየሱስ ሰፈር፣ አደይ ለተብርሃን የሚባሉ እናት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እንደ አብዛኛው የከተማው ቤት ክፍሌ የተሠራችው በኖራ ድንጋይ ነው። ከራስጌዬ በኩል ካሉት ድንጋዮች አንዱ ላይ አንድ ቀንድ አውጣ አለ። የተሳለ እንዳይመስላችሁ፤ የእውነት ቀንድ አውጣ ነው። ይህ አገር በጥንት ዘመን ባሕር ነበር አሉ። ባሕሩ ሲሄድ ይሄ የእኔው ሳይሰማ ቀርቶ መሰለኝ ድንጋይ ሆኖ ግድግዳዬ ላይ ቀረ። ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደርክ" እለዋለሁ። አትሳቁ! ብቻውን የሚኖር ሰው ቤቱ ሆኖ አፉን ካላሟሸ፣ ሥራ ቦታ ሲደርስ የመጀመሪያዋ ቃል እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ብላ ነው የምትወጣው።

ከቀንድ አውጣው ሌላ ወሬ የምንጨዋወት ሰው ቢኖረኝ እናቴ ናት። ደብረ ማርቆስ ነው ያለችው። ፀሐይ ጠለቅ ሲል ትደውላለች። እንደ ሰው "እንዴት ዋልክ" አትልም፤ "አለህ?" ነው የምትለው። እኔም "አለሁ" እላለሁ። ከዚያ ነው ሌላው ወሬ የሚጀመረው። እንዲህ መጠየቅ የያዘችው ስልክ ተቋርጦ ከቆየበት ከዚያ ክፉ ጊዜ ወዲህ ነው። ያኔ ድምፄ ሲጠፋባት ሁለት ጊዜ አልቅሳኛለች፤ አንዴ ሰው "ሞቷል" ብሎ ነግሯት፣ አንዴ ደግሞ ማንም ሳይነግራት በራሷ ጊዜ። እኔ እዚህ በሕይወት ቁጭ ብዬ የአደይ ለተብርሃንን ቆሎ እቆረጥማለሁ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ድንኳን ተተክሎልኛል። ስልኩ የተለቀቀ ዕለት ደውዬ "እማዬ፣ አለሁ" ስላት "እስቲ ድገመው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የማትተዋት አንዲት ጥያቄ አለች።

"እዚያ ሰው አገር ብትሞት ማን ይቀብርሃል?"

"ኧረ እማዬ! ለምን እሞታለሁ?"

"ዕድር ገብተሃል?"

"አልገባሁም።"

"ጓደኛስ አለህ?"

"ሞልቶ!"

ይህቺን ቃል ምነው በዋጥኳት! እናቴ እንደዋዛ የምትለቅ ሴት አይደለችም። ስማቸውን ጠየቀችኝ፤ ስም አወጣሁላቸው። ሥራቸውን ጠየቀችኝ፤ ሥራ አስያዝኳቸው። አንዱን ዳርኩት። ዓመት ሳይሞላው ወለደና እናቴ ለክርስትናው ምን ይዤ እንደሄድኩ ስትጠይቀኝ ላብ በላብ ሆንኩ። ሌላውን አዲስ አበባ ተዛውሯል ብያት ኖሮ፣ በሳምንቱ ረስቼ "አሁን አጠገቤ ነው፣ ሰላም ይልሻል" ብዬ ተያዝኩ። እውነተኛ ጓደኛ ያለው ሰው እንዴት ታድሏል! የት እንዳስቀመጠው ማስታወስ የለበትም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያ ክፉ ጊዜ እኮ ሰው ነበረኝ። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ደመወዝ የለ፤ የግቢው ሰው በሙሉ አደይ ለተብርሃን በር ላይ ሰብሰብ ብሎ ያለችውን ተካፍሎ ይውል ነበር። ከየት እንደመጣሁ የጠየቀኝ አልነበረም። መብራቱ የመጣ ቀን ሁሉም እልል አለ፣ ተቃቀፈ፣ ከዚያ ወደየቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋና ቴሌቪዥኑን ከፈተ። እኔም ዘጋሁ። በማንም አልፈርድም። ብቻ አብሬያቸው ተርቤ፣ ስበላ ግን ለብቻዬ መሆኔ ይከነክነኛል። ይህ ከተማ አንድ ጊዜ ቤተሰብ አድርጎኛል፤ ደግሞ ያደርገኛል ብዬ እጠብቃለሁ። ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስ ስባል እምቢ የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ተራራው ልምጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ረጅም የኖራ ድንጋይ ተራራ ሰንሰለት አለ። ከሩቅ ሲያዩት የታጠበ አንሶላ የተሰጣበት ነው የሚመስለው። አሁን ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። ድንጋይ መፍለጥ፣ እንጨት መቁረጥ፣ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው። የክፍሌ ድንጋይ በፊት ከዚያ እንደመጣ አደይ ለተብርሃን ሲነግሩኝ፣ የቀንድ አውጣዬን ዘመዶች እንኳ ልጠይቅለት ብዬ አንድ እሑድ ታክሲ ይዤ፣ ከታክሲ ወርጄ ባጃጅ ይዤ፣ ከባጃጅ ወርጄ በእግሬ ኳትኜ ደረስኩ።

በሩ ላይ አንድ ከሲታ ጠባቂ ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ተቀምጧል። እኔን አየኝ። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን መንገድ አየ። እንደገና እኔን አየኝ።

"ሰዎችህስ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ብቻ አይገባም፣ ሓወይ። ከሦስት ሰው በታች ክልክል ነው።"

"ለምን?"

"ይሄ ድንጋይ ከላይ ስታየው ደህና ነው። ከሥሩ ግን ውሃ በልቶታል። ሣር የሸፈነው ጉድጓድ ሞልቷል። ብቻህን ገብተህ ብትወድቅ መጉደልህን ማን ያውቃል? ሦስት ከሆናችሁ አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ አጠገቡ ይቆማል፣ አንዱ እኔን ይጠራል።"

"እሺ አንተና እኔ እንግባ። ሁለት ሆንን፣ አንድ ብቻ ቀረን።"

"እኔ ጠባቂ ነኝ። ከሰው አልቆጠርም።"

ለእሱም አዘንኩለት። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጎብኚ መጠበቅ ጀመርኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እጅ ለእጅ የተያያዙ አንድ ልጅና አንዲት ልጅ መጡ። ጠባቂው የነገረኝን ሲነግራቸው ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ "ሦስት ሆንን!" ብዬ ጮህኩ። ልጁ ልጅቷን አያት፣ ልጅቷ ልጁን አየችው። "እኛ ሌላ ቀን እንመጣለን" አሉና ተመለሱ። እኔም ከኋላቸው ራቅ ብዬ፣ የምከታተላቸው እንዳይመስላቸው ቀስ እያልኩ ወረድኩ።

የዚያኑ ዕለት እናቴ ስትደውል ፓርክ ሄጄ መምጣቴን ነገርኳት።

"ከማን ጋር?"

"ከጓደኞቼ ጋር ነዋ!"

"እስቲ ፎቷችሁን ላክልኝ።"

"ፎቶ እንኳ... ባትሪዬ አልቆ..."

ጉሮሮዋን ጠረገች። እናቴ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ነው የሚያስፈራው።

"ስማኝ ልጄ፤ በሚመጣው እሑድ እዚያው ተራራ ላይ ውጡ። በቪዲዮ እደውላለሁ። ጓደኞችህን አንድ በአንድ በዓይኔ ካየሁ ሁለተኛ አልጨቀጭቅህም። ካላየሁ ግን ለገና ጓዝህን ጠቅልለህ ትመጣለህ። አጎትህ ሥራም ሚስትም አዘጋጅቶልሃል።"

"ሚስቲቱ ታውቃለች?"

"ቀልዱን ተወው። እምቢ ካልክ ራሴ መጥቼ እወስድሃለሁ።"

እንግዲህ የሚያስፈልገኝ ሁለት ሰው ነው። ሁለት! ሁለት ሰው የሚጠፋበት አገር የለም ብዬ ከክሊኒካችን ፋርማሲስት ጀመርኩ። "እሑድ ፓርክ ብንሄድስ?" ስለው "እንዴ፣ ደስ ይለኛል!" አለ። ይሄኔ ዘወር ስል ካርድ የምታወጣዋ ልጅና ገንዘብ ያዧ ቆመው ያያሉ። አሁን እነሱን ሳልጠራ ብቀር ምን ይሉኛል? "እናንተም ኑ" አልኩ። እነሱም እሺ አሉ፤ አንደኛዋ ከባሏ፣ ሌላዋ ከእህቷ ጋር። ፀጉሬን ልስተካከል ገብቼ ፀጉር አስተካካዩን ስጋብዘው ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ጆሯቸውን ጣሉ። ምን ላድርግ? "እናንተም፣ እናንተም" አልኩ። "ምን ችግር አለው!" አሉ በአንድ አፍ። አደይ ለተብርሃን እንኳ "ጉልበቴን ቢያመኝም ለአንተ ስል" ብለውኛል። ሳምንቱ ሲጋመስ ቦታ የማይበቃን መስሎኝ ጭንቅ ያዘኝ። ኧረ ከእነዚህ አንድ ሁለቱ ቢቀሩ ብዬ ጸለይኩ። እግዚአብሔር ደግሞ አንዳንዴ ከለመኑት በላይ ይሰጣል።

ክብሮም ከሚባል ሾፌር ጋር ሚኒባስ ኮንትራት ያዝኩ። ሕምባሻ አስጋገርኩ፣ ሙዝ ገዛሁ፣ ለውዝ ገዛሁ፣ አንድ ሣጥን ቢራ ጨመርኩ። ፀጉር አስተካካዩ "ጭፈራ ከሌለበት ምኑን ሽርሽር ሆነ" ብሎ ያቺን ሱቁ በር ላይ ስትጮህ የምትውለውን ስፒከር አዋሰኝ። ከስልኬ ጋር አገናኝቼ ቤቴ ውስጥ ሞከርኳት። እውነትም አንጀት የምታርስ ስፒከር ናት፤ ቀንድ አውጣው ራሱ የተነቃነቀ መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት ሮማናት ላይ አዲስ ሹራቤን ለብሼ፣ ስፒከሯን በቦርሳ አንግቤ ባዶ ሚኒባስ አጠገብ ቆምኩ። ቆምኩ ስላችሁ ቆምኩ ነው። ከዚያ ስልክ ጀመርኩ። ፋርማሲስቱ "መንገድ ላይ ነኝ" አለኝ፤ ከኋላው ግን ብርድ ልብስ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ እንግዳ መጥቶባታል። የገንዘብ ያዧ ባል እምቢ ብሏል። አደይ ለተብርሃን ጉልበታቸው ተነስቷል። ሁሉም ታዲያ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ "ሌሎቹ ግን መጥተዋል አይደል?" ምን ልበል? "አዎ፣ አሉ" እላለሁ። "በቃ እኔ ብቀር ምንም አይደል፣ ተጫወቱ!" ክፋት አልነበረም እኮ። እያንዳንዱ ሌላው ይኖራል ብሎ ቀረ።

አሁን ስነግራችሁ እየሳቅኩ ነው እንጂ ያኔስ ሳቅ አጠገቤም አልነበረ።

ክብሮም መሪው ላይ ክንዱን ጥሎ፣ የሽርሽሩ ሰው እኔ ብቻ መሆኔ ገብቶት፣ ግን እንዳይገባው እየታገለ ያየኛል። "ሓወይ፣ ትንሽ እንጠብቅ?" ይላል። "ትንሽ" እላለሁ።

ይሄኔ ነው አንድ ሽማግሌ በትራቸውን እየመረኮዙ፣ ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቁ እናቶችን አስከትለው እየተጣደፉ የመጡት። አቦይ ተኽለ ይባላሉ፤ ስማቸውን ኋላ ነው ያወቅኩት።

"ወደይ፣ መኪናው ያንተ ነው? ሰው ትጠብቃለህ?"

"እጠብቅ ነበር።"

"ወንድሜ ዛሬ ይቀበራል። አስከሬኑ ቀድሞናል። እኛ የያዝነው መኪና ተበላሽቶ ቆመ። ፓርኩ ውስጥ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚቀበረው። ወንድሜን አፈር ሳላለብሰው ልቀር ነው።"

ስልኬን አየሁ። የሚደውል የለም። ባዶውን ወንበር አየሁ። "ግቡ" አልኩ። ግቡ ማለቴስ ደህና፤ ያ ሁሉ ሰው ይገባል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ያ ከጠዋት ጀምሮ ያዛጋ የነበረ ሚኒባስ በአንድ ጊዜ ግጥም አለ። እኔ ራሴ በመከራ ከሁለት ወፋፍራም እናቶች መካከል ተሸነቆርኩ፤ ስፒከሯን እንደ ሕፃን ታቅፌ።

መንገዱ ላይ ሲወጣ ሌላ ጉድ መጣ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከወንበር ሥር ቢራው ይንጫጫል። አንዷ እናት ወደ ታች አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ መስቀላቸውን ጨበጡ። ክብሮም ይባረክና ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀድሞ ይስላል። አንድ ሰው ለቢራ ብሎ እንደዚያ ሲስል አይቼ አላውቅም።

"ሟቹን ከየት ታውቀዋለህ?" አሉኝ አቦይ ተኽለ ከፊት ወንበር ዞረው። አላውቃቸውም ማለት ነበረብኝ። ግን ለሰው ቀብር የራሱን መኪና ሰጥቶ፣ አዲስ ሹራብ ለብሶ የመጣ ሰው እንዴት ብሎ አላውቅም ይላል?

"ደግ ሰው ነበሩ" አልኩ።

እናቶቹ ይህን ሲሰሙ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም ምናልባት አንድ ቀን በመስኮቴ በኩል እጃቸውን ዘርግተውልኝ፣ ጣታቸውን ወግቻቸው ይሆናል ብዬ ሳስብ ዓይኔ ውሃ ሞላ። አንዷ እናት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

ፓርኩ በር ላይ ስንደርስ የአካባቢው ሰው አስከሬኑን አሳርፎ፣ መንገዱን ግጥም አድርጎ ሞልቶ የከተማ ዘመዶቹን ይጠብቃል። ያ ካፖርታም ጠባቂ ከሚኒባሱ ስወርድ አወቀኝ። እኔን አየኝ። ከኋላዬ ያለውን ሕዝብ አየ። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ "ሦስት ይበቃል ነው ያልኩህ እኮ" አለኝ።

ቀጥሎ የመኪናውን ውስጥ ሊያይ ጎንበስ አለ። "ቢራ አይገባም!" አለ፤ ይህችን ግን በጆሮዬ አይደለም፣ ለአገሩ ሁሉ ነው። ያ ሣር የሸፈነው ጉድጓድ በየት በኩል ነው ልለው ምንም አልቀረኝ። ሣጥኑን በሩ ላይ አስቀረው። ቦርሳዬን መኪናው ውስጥ ልተዋት ስል ደግሞ ያቺ እንባዬን የጠረጉልኝ እናት "ዕቃህን አትተው ወደይ" ብለው ራሳቸው ትከሻዬ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ያኔ የስፒከሯ አንደኛዋ ቁልፍ ተነክታ መሆን አለበት።

ቤተ ክርስቲያኑ ነጭ ገደል ሥር ነው። ገደሉ በሦስት በኩል ከቦታል፤ ትንሽ ሰው ቢያስነጥስ ተራራው መልሶ ያስነጥሳል። አስከሬኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ለቅሶው ጋብ አለ። ቄሱ ጸሎታቸውን ጨረሱ። አቦይ ተኽለ እፍኝ አፈር ይዘው ጎንበስ አሉ።

እዚህ ላይ ስልኬ ጠራ። ኪሴ ውስጥ ቢጠራ ምን ነበረበት! የጠራው በስፒከሯ ነው። የስልኬ ጥሪ ደግሞ ሰው ሰርግ ላይ ትከሻውን የሚሰብቅበት ከበሮ ነው። ገደሉ ተቀበለው፣ ለማዶው ገደል አቀበለው፣ ማዶው መለሰው። ቄሱ ዞሩ፣ ሕዝቡ ዞረ። ስልኬን መንጭቄ አውጥቼ ልዘጋው ስል ጣቴ አረንጓዴው ላይ አረፈ።

"ሃሎ! አለህ?" አለች እናቴ፣ ከቦርሳዬ ውስጥ።

ስልኩን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ስፒከሯን ላጠፋ ዚፑን ስጎትት ዚፑ ሹራቤን ነከሰ።

"ምነው ጨለመብኝ? የታሉ ጓደኞችህ? ምነው ጸጥ አለ? አንተ ልጅ፣ ዛሬም ብቻህን ነህ አይደል? ዋሽተኸኝ ነው አይደል? ወይ ልጄን! እዚያ ሰው አገር ብትሞት ማን ይቀብርሃል?"

ማን ይቀብርሃል፣ አለ ገደሉ። ማን ይቀብርሃል፣ አለ የማዶው።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከሐፍረቱ ይልቅ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ባዶነቴን ማወቁ አንገበገበኝ። ዚፑን ትቼ አንገቴን ደፋሁ።

አቦይ ተኽለ አፈሩን እንደጨበጡ ቀና አሉ። ወደ እኔ መጡ። ጎንበስ ብለው፣ ለቦርሳዬ፣ ቀስ ብለው፣

"እናቴ፣ እኛ አለን። እኛ እንቀብረዋለን" አሉት።

ከቦርሳው ውስጥ የወጣውን ጩኸት አልነግራችሁም። "ልጄን! ልጄን! ሞቷል በሉኛ!"

"አለሁ እማዬ! አለሁ! እኔ አይደለሁም!" እያልኩ በቦርሳው ላይ ተደፋሁ። አቦይ ተኽለም "አለ፣ አለ፣ ይኸው ቆሟል!" ይላሉ። ቄሱ ሳይቀሩ "አለ እናታችን" አሉ። እናቴ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየን።

"ታዲያ ማን ነው የሞተው?"

"ወንድሜ ነው" አሉ አቦይ ተኽለ።

እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ይሄኛው አጠራረጓ ግን ሌላ ነበር።

"ስሙን ማን ልበል?" አለች።

"ገብረመድኅን።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምንም ብል የምታምኑኝ አይመስለኝም። እናቴ እኔን ሁለት ጊዜ ያለቀሰችበትን ድምፅ አወጣችና ገብረመድኅንን አለቀሰችላቸው። የማታውቃቸውን ሰው ከደብረ ማርቆስ ሆና ወንድም ዓለሜ አለቻቸው። የኖራ ድንጋዩ እየተቀበለ አወረደው። እናቶቹ መጀመሪያ ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ በትግርኛ ተቀበሏት፣ ሌላዋ ተከተሉ፣ ሁሉም ተነሱ። እኔ ስፒከሯን ደረቴ ላይ አቅፌ መሐላቸው ቆሜ፣ ሰው ይሰማኛል አይሰማኝም ሳልል እንደ ልጅ አለቀስኩ። አቦይ ተኽለ አፈራቸውን አለበሱ።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ሕምባሻው ወጣ፣ ሙዙም ወጣ፤ ሳር ላይ ተቀምጠን ተካፈልነው። ክብሮም እየዞረ ያድላል። አቦይ ተኽለ እናቴ ያለችበትን ጠይቀውኝ ደብረ ማርቆስ ስላቸው፣ "ወዲ ደብረ ማርቆስ"፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ አሉኝ። ሰው ወደ መኪናው መመለስ ሲጀምር እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት አልኩና ገደሉን ልየው ተጠጋሁ። ለካ ቀንድ አውጣ ብቻ ነው! ከላይ እስከ ታች፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ጎን ለጎን ተጣብቆ፣ ክፍት ቦታ የለም። የእኔው ብቻውን የቀረው እዚያ ግድግዳ ላይ ስለመጣ ነው እንጂ አገሩ ላይስ ሰው ሞልቶታል። እጄን አሳርፌባቸው ቆየሁ። አንዱን ፈልፍዬ ልውሰድለት አልኩ፣ ከዚያ ክልክል መሆኑ ትዝ አለኝ። ደግሞስ ምን በደለኝና ከዘመዶቹ ለይቼ እወስደዋለሁ?

በሩ በኩል የጠባቂው ድምፅ መጣ።

"ሁሉም ወጥቷል?"

"ወጥቷል፣ ዝጋው" አለው አንድ ሰው።

"አልወጣም" አሉ አቦይ ተኽለ። "አንድ ልጅ ይቀረናል።"

ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ በበትራቸው ሣሩን ሲገላልጡ ከርቀት አየኋቸው። ያን ቀን ወንድማቸውን የቀበሩ ሰው ናቸው። ስሜን እንኳ ገና አልነገርኳቸውም።

"ወዲ ደብረ ማርቆስ!" ብለው ተጣሩ። "ኣለኻ ዶ?"

ገደሉ ደግሞ አለህ ወይ፣ አለህ ወይ እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ።

"አለሁ!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። "አለሁ አቦይ፣ መጣሁ!"